ሩጫውን ሳይሆን ጭሱን ሽሹ

የናፍጣ መካኒክ ነኝ። ቀን ቀን ከጭነት መኪናና ከአውቶቡስ ሞተር ጋር እውላለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እሮጣለሁ። ይሄ ነገር የጋራዥ ጓደኞቼን ያስቃቸዋል። «ቀኑን ሙሉ ጭስ ስትጠጣ እየዋልክ ለአንድ ሰዓት ሩጫ አየር ታማርጣለህ?» ይሉኛል።

አዎ፣ አማርጣለሁ። ጋራዥ ውስጥ ሞተር ስናስነሳ ማርሚታው (የመኪናው ጭስ ማውጫ) ላይ ቱቦ ገጥመን ጭሱን ወደ ውጭ እናስወጣለን። በሩም ክፍት ነው። እኔም ቆሜ ነው የምሠራው። ስሮጥ ግን የምስበው አየር በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ያኔ ቱቦ የሚገጥምልኝ የለም።

ቁጥሩን እንየው። አርፎ የተቀመጠ ሰው በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ይስባል። ዘና ብሎ የሚሮጥ ሰው 40 ወይም 50 ሊትር ይደርሳል። ዳገት የሚወጣ ወይም ፍጥነት የሚሠራ ሰው 100 ሊትርን ሊያልፍ ይችላል። ሌላም ጣጣ አለ። በእርጋታ ስንተነፍስ አየሩ በአፍንጫ ይገባል፤ አፍንጫ ደግሞ ትልልቁን ብናኝ ይዞ ያስቀራል። ትንፋሽ ሲበዛ አፋችን ይከፈታል። ያን ጊዜ አየሩ ሳይጣራ ይገባል፣ ጠልቆም ይሄዳል።

ይበልጥ የሚያሰጋው በዓይን የማይታየው ነው። ፒ.ኤም. 2.5 የሚባለው ብናኝ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮሜትር ነው። ብናኙ ከፀጉር 30 ጊዜ ያህል ይቀጥናል ማለት ነው። ሳንባ ውስጥ እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይወርዳል፤ ከሱም የሚያንሰው ወደ ደም ሊሻገር ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ሞተር ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012፣ የውጭ አየር ብክለትን በጠቅላላ ደግሞ በ2013 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧል። እኔ የምኖረው በናፍጣ ሞተር ነው። ሐቁ ግን ይሄው ነው።

ታዲያ ሩጫ ይቅር?

አይቅር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት በተለያየ የብክለት መጠን ውስጥ ብስክሌት መንዳትና በእግር መሄድ የሚሰጠውን ጥቅም ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር አስልቶ ነበር። በአብዛኞቹ የዓለም ከተሞች ጥቅሙ ጉዳቱን በሰፊው ይበልጣል ነው ውጤቱ። ፒ.ኤም. 2.5 በኪዩቢክ ሜትር 100 ማይክሮግራም በሚደርስበት በጣም የቆሸሸ አየር ውስጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ በቀን ከ1 ሰዓት ተኩል በላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከሚጠቀመው ይልቅ ይጎዳል። ሩጫ ብዙውን ጊዜ ከብስክሌት የበለጠ ያስተነፍሳል። ስለዚህ ለሯጭ ያ ገደብ ቀደም ብሎ ይመጣል ብዬ ነው የምወስደው።

ወደ ውስጥ የሚገባው የቆሻሻ መጠን በሦስት ነገሮች ይወሰናል። አየሩ ምን ያህል ቆሽሿል? በደቂቃ ስንት ሊትር ትስባላችሁ? ስንት ደቂቃስ ትቆያላችሁ? አንዱን መቀየር ካልቻላችሁ ሌላውን ትቀይራላችሁ።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ያደረገው ይሄንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤይጂንግ ኦሎምፒክ ሲቃረብ፣ አስም ስላለበት የከተማዋ አየር አሰጋው። ከማራቶኑ ራሱን አገለለ። ከኦሎምፒኩ ግን አልቀረም፤ 10,000 ሜትር ሮጦ 6ኛ ወጣ። ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጀውን ትቶ 27 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀውን መረጠ። ከሳምንታት በኋላ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ጨርሶ የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ። እግሩን ባናገኝም ስሌቱን መውሰድ እንችላለን።

የመንገድ ጭስና የሰማይ ጭስ

ስለ አየር ብክለት የሚሰጡ ምክሮች እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንዱ «ጠዋት ሩጡ» ይላል፤ ሌላው «ጠዋት እንዳትሞክሩት» ይላል። አንዱ «ፓርክ ግቡ»፣ ሌላው «ከቤት አትውጡ»። ሁሉም እንደ ቀኑ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ጫማዬን ከማሰሬ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የዛሬው ቆሻሻ የመንገድ ነው ወይስ የሰማይ?

የመንገድ ጭስ የምለው እዚያው አጠገባችሁ የሚፈጠረውን ነው። ከመኪና፣ ከሚቃጠል ቆሻሻ፣ ከአንድ ጭስ ማውጫ። ራቅ ስትሉ ይቀንሳል። የሰማይ ጭስ ግን ከተማውን በሙሉ ይሸፍናል። የሰደድ እሳት ጭስ፣ ከሩቅ የመጣ አቧራ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን የተጠራቀመ የማገዶና የፋብሪካ ጭስ፣ በጠራራ ፀሐይ የሚፈጠር ኦዞን የሚባል ጋዝ የዚህ ወገን ናቸው። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ መንገድ መቀየር ነው። ለሁለተኛው መንገድ መቀየር ብዙም አይረዳም። ሰዓት መቀየር፣ ሩጫውን ማሳጠር ወይም ቤት ውስጥ መሥራት ነው የሚያዋጣው።

እንዴት ይለያሉ? ከፍ ካለ ቦታ፣ ለምሳሌ ከፎቅ መስኮት፣ ሩቅ ተመልከቱ። በደረቅ ቀን የሩቁ ኮረብታ ወይም ሕንፃ ከደበዘዘባችሁ የሰማይ ነው። ጭጋግ ባለበት ጠዋት ግን ዓይን ይሳሳታል። ስልካችሁ ላይ የአየር ጥራት ካርታ ካለ ደግሞ በከተማው የተለያየ ቦታ ያሉትን መለኪያዎች አነጻጽሩ። ሁሉም ተቀራራቢና ከፍ ያለ ቁጥር ካሳዩ የሰማይ ነው። አንዱ ቀይ፣ ጎረቤቱ አረንጓዴ ከሆነ ችግሩ የዚያ ሰፈር ነው፤ ሌላ ሰፈር መሮጥ ትችላላችሁ።

አፍንጫችሁን ብዙ አትመኑት። ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ሽታውን ይለምደዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከመነሻውም ሽታ የለውም። ለሯጭ መጥፎ ጋዝ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ተሸካሚው በሌላ ጭነት ከተያዘ ጡንቻችሁ ኦክስጅን ያጣል።

መንገድ መምረጥ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ። ሙያዬ ነው፤ ደግሞም በነፃ የሚገኝ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ለሩጫ ጓደኞቼ ሁልጊዜ የማነሳው አንድ የለንደን ጥናት አለ። አስም ያለባቸው 60 አዋቂዎች አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት በኦክስፎርድ ጎዳና፣ ሌላ ቀን ለሁለት ሰዓት በሃይድ ፓርክ ውስጥ እንዲራመዱ ተደረገ። ጎዳናው የናፍጣ አውቶቡሶችና ታክሲዎች ብቻ የሚያልፉበት ነበር። ጎዳናው ላይ ሲራመዱ የሳንባቸው አቅም ፓርኩ ውስጥ ከሄዱበት ቀን ይበልጥ ቀነሰ። ልብ በሉ፣ ጎዳናውና ፓርኩ ጎረቤት ናቸው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የተራመዱ እንጂ የሮጡ አይደሉም።

ስለዚህ መጀመሪያ ርቀት። ከትልቅ አውራ ጎዳና ዳር የሚለካው እጅግ ደቃቅ ብናኝ ከ100 እስከ 150 ሜትር ስትርቁ በጣም ይወርዳል። 300 ሜትር ገደማ ላይ ከአካባቢው አየር ጋር ይመሳሰላል። ከዋናው መንገድ ጋር ትይዩ የሚሄድ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ፈልጉ። አንድ ወይም ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ መግባት ብቻ ብዙ ይቀንሳል። ያ ካልተገኘና የእግረኛው መንገድ ሰፊ ከሆነ፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ራቁና ወደ አጥሩ ጠጉ። ጥቂት ሜትርም ለውጥ አለው።

ቀጥሎ ነፋስ። ትንሽ ደረቅ አፈር ወይም ሣር ወደ ላይ በተን አድርጉና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ነፋሱ ከሜዳው ተነስቶ ወደ መንገዱ የሚነፍስ ከሆነ በሜዳው በኩል ሩጡ። በሌላኛው ጎን ከሮጣችሁ የመኪናው ጭስ ሁሉ ወደ እናንተ ይነዳል። መንገድ መሻገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ግን ይሄን የሚያደርግ ሯጭ ብዙም አላይም።

ዳገት ላይ ከጋራዥ የማውቀውን ልንገራችሁ። የተጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ ሾፌሩ ነዳጅ ይረግጣል። ሞተሩ ከሚስበው አየር በላይ ነዳጅ ሲያገኝ በደንብ አያቃጥለውም። ያ ጥቁር ጭስ በግማሽ የተቃጠለ ነዳጅ ነው። ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል ያረጀ ወይም የአየር ፊልትሮው (ማጣሪያው) የታፈነ ከሆነ ይብስበታል። እናንተም በጣም የምታለከልኩት እዚያው ዳገት ላይ ነው። መኪናው ብዙ የሚያጨስበትና እናንተ ብዙ የምትተነፍሱበት ቦታ ገጠመ ማለት ነው። የዳገት ልምምድ ከባድ መኪና በማይወጣበት ዳገት ላይ ሥሩ። የምትዞሩት ዙር ላይ እንዲህ ያለ ዳገት ካለ ደግሞ ዙሩን ገልብጡት፤ እሱን ቁልቁል ውረዱት፣ በጸጥተኛው በኩል ውጡ።

(ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ነጭ ከሆነ ወይ ሞተሩ ቀዝቅዟል፣ ወይ ውሃ እየገባበት ነው። ለሯጭ ልዩነት የለውም፤ ከሁሉም መሸሽ ነው።)

የትራፊክ መብራትና አደባባይ ሌላው መጥፎ ቦታ ነው። መኪኖች ሞተር እየሠራ ይቆማሉ፣ ፍሬን ይይዛሉ፣ እንደገና ረግጠው ይነሳሉ። ከማርሚታው ጭስ ሌላ የፍሬን ሸራና የጎማ ብናኝም አለ። ኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም እንጂ ጎማ አለው። ታዲያ ብዙ ሯጭ መብራት ሲይዘው ምን ያደርጋል? ጠርዙ ላይ ቆሞ እየዘለለ ይጠብቃል። ሰዓቱ ላይ የሚቆጥረው እንዳይቆም ነው መሰለኝ። ሰዓቱን አቁሙት። ከጠርዙ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ፣ በአፍንጫችሁ እየተነፈሳችሁ ቁሙ። አውቶቡስ ጭሱን ለቆባችሁ ካለፈም ከኋላው አትከተሉት። ቀስ በሉና እስኪበተን ጠብቁ።

በሁለት በኩል ረጃጅም ሕንፃ የከበበው ጠባብ መንገድ ጭሱን ይዞ ያቆያል፤ ነፋስ አይደርስበትም። የመኪና ዋሻና የድልድይ ሥር መተላለፊያ ከዚያም ይከፋሉ። ዛፍን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። በመንገዱና በእናንተ መካከል ያለ ጥቅጥቅ ያለ የቁጥቋጦ አጥር ጭሱን ይቀንሳል። በጠባብ መንገድ ላይ ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተው ከሸፈኑት ግን ጭሱ መውጫ ያጣል። ጥላው ደስ ይላል፣ አየሩ ግን ከሜዳው ሊብስ ይችላል።

የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ የጭነት መኪና ማደሪያና ነዳጅ ማደያ አጠገብ ሩጫ አትጀምሩ፤ በተለይ ማለዳ። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተርም እስኪግል ድረስ በአግባቡ አይሠራም። መኪና ካደረ በኋላ የሚያወጣው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጭስ በጣም ቆሻሻው ነው። ያልተነጠፈ መንገድ ደግሞ መኪና ካላለፈበት ለእግርም ለሳንባም ጥሩ ነው። መኪና ካለፈበት አቧራው እስኪወርድ ቆም በሉ።

ፓርክ የሚሮጡ ሰዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ። ፓርኩ ንጹሕ ነው፤ ከቤት እስከ ፓርኩ ያለው መንገድ ግን ዋና ጎዳና ነው። እሱን በፍጥነት ሮጠው ይደርሳሉ። ያንን ክፍል በእግር ሂዱት ወይም አፍ ሳትከፍቱ በሶምሶማ እለፉት። ሰውነት ማሟሟቂያ ይሁናችሁ። ፍጥነቱን ለፓርኩ አቆዩት።

ሰዓት

ለመንገድ ጭስ ሰዓቱ ቀላል ነው። ሰው ወደ ሥራ ከሚወጣበትና ከሚመለስበት ግርግር በፊት ወይም በኋላ መሮጥ። የእረፍት ቀን ማለዳ ከሁሉም ይሻላል፤ ረጅሙን ሩጫ ለዚያ ቀን የማደርገው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰማይ ጭስ ግን ተንኮለኛ ነው። በቀዝቃዛ፣ ደመናና ነፋስ በሌለው ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ከመሬቱ ጋር የነካካው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ ድስት ክዳን ይቀመጥበታል። የሌሊቱና የማለዳው ጭስ ሁሉ ከሥሩ ይታፈናል። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን እስክታሞቅ ክዳኑ አይነሳም። በእንደዚህ ያለ ወቅት «ማለዳ አየሩ ንጹሕ ነው» የሚለው አይሠራም። ከተቻለ ረፋዱ ላይ መውጣት ይሻላል። ምልክቱን በዓይን ማየት ይቻላል፦ ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ጭስ ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ ወደ ጎን ተዘርግቶ ከቀረ ክዳኑ አለ ማለት ነው።

ኦዞን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከማንም ማርሚታ አይወጣም። ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጡ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ሲዋሃዱ ነው የሚፈጠረው። ስለዚህ በሞቃትና ፀሐያማ ቀን ከቀትር በኋላ ይበዛል። ፓርክም አያድንም፤ እንዲያውም ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ላይ ከመሀል ከተማ ሊበልጥ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቀን በጠዋት ሩጡና ጨርሱ።

ጥሩ ዝናብ ከጣለ በኋላ ወይም ነፋስ ሲነፍስ ያለውን ሰዓት አታሳልፉት። ለፍጥነት ልምምድ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። (ነፋሱ አቧራ ይዞ የመጣ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።)

ስልክ ላይ ያለው ቁጥር

ቁጥር አይታችሁ ከመወሰናችሁ በፊት የማን መለኪያ እንደሆነ እዩ። የአሜሪካው የአየር ጥራት ኢንዴክስ (አየሩ ሲከፋ ከፍ የሚል ቁጥር) ከ0 እስከ 500 ይሄዳል። የህንዱም እንደዚሁ። ግን ፒ.ኤም. 2.5 በኪዩቢክ ሜትር 55 ማይክሮግራም የሆነበት ተመሳሳይ አየር በአሜሪካው 150 ገደማ፣ በህንዱ 90 ገደማ ሆኖ ይታያል። የእንግሊዝ መለኪያ ደግሞ ከ1 እስከ 10 ብቻ ነው። ስለዚህ «ዛሬ 90 ነው» ብሎ የሚነግራችሁን ሰው «በየትኛው?» በሉት። ማይክሮግራሙን በቀጥታ የሚያሳይ አፕ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ለማነጻጸር ያህል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካይ ፒ.ኤም. 2.5 ከ15 ማይክሮግራም፣ የዓመቱ አማካይ ደግሞ ከ5 ባይበልጥ ይመክራል።

እኔ የምከተለው በአሜሪካው መለኪያ ነው። እስከ 50 ድረስ የፈለግኩትን እሮጣለሁ። ከ51 እስከ 100 እንደወትሮው እሮጣለሁ፤ ከባዱን ልምምድ ግን ፓርክ ውስጥ ነው የምሠራው። ከ101 እስከ 150 አጭርና ቀላል ሩጫ ብቻ፤ አስም ያለበት ሰው በዚህ ቀን ውጭ ባይሮጥ ይሻላል። ከ150 ካለፈ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ከ200 በላይ ሆኖ «ትንሽ ብቻ» የሚል ጓደኛ ካላችሁ አትስሙት።

ሁለት ማሳሰቢያ። በየሰፈሩ የሚሰቀሉት ርካሽ መለኪያዎች ብናኙን የሚቆጥሩት በብርሃን ነው። እርጥበት ሲበዛ የጭጋግ ጠብታውን ብናኝ ብለው ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ ጭጋጋማ ጠዋት ላይ ቁጥራቸው ሊጋነን ይችላል። ሌላው፣ አንዳንዱ አፕ የሚያሳየው የአሁኑን ሳይሆን ያለፉትን ሰዓታት አማካይ ነው። ቁጥሩ የስንት ሰዓት እንደሆነ ከሥሩ አንብቡ።

ፍጥነት መቀነስ ይከብዳል፣ አውቃለሁ

ቦታም ሰዓትም መቀየር የማይቻልበት ቀን አለ። ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ ጨለማ አለ። ያኔ የሚቀራችሁ ትንፋሹና ደቂቃው ነው። በአፍንጫ ብቻ እየተነፈሳችሁ መሮጥ የምትችሉበትን ፍጥነት ያዙ። አፍ ካልከፈታችሁ መሮጥ ካቃታችሁ ለዚያ ቀን አየር ፈጥናችኋል። የሰዓታችሁን ፍጥነት ማሳያ ደብቁት፣ ካልሆነ እልህ ያስገባል። አንድ ሰዓት የነበረውን ግማሽ ሰዓት አድርጉት። በዕቅዱ ላይ የፍጥነት ልምምድ ከነበረ ለሌላ ቀን ይሻገር። አንድ ልምምድ በሁለት ቀን በመዘግየቱ የተበላሸ ውድድር አላየሁም።

ስለ ጭምብል

ሁልጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ ስለሆነ በአጭሩ ልመልስ። አንገት ላይ የሚጠለቅ ጨርቅ ለትልልቅ አቧራ ይሆናል፤ ደቃቁን አያቆምም። የሐኪም ቤት ቀጭን ጭምብል ጎንና ጎኑ ክፍት ነው። የሚሠራው ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚባለው ነው። ማጣሪያው ከ94 ወይም 95 ከመቶ ያላነሰ ደቃቅ ብናኝ ይይዛል፣ ግን ፊት ላይ ከተጣበቀ ብቻ ነው። አጥልቃችሁ በሁለት እጃችሁ ሸፍኑትና በኃይል ተንፍሱ። ዓይናችሁ ሥር ወይም ጉንጫችሁ ላይ ነፋስ ከተሰማችሁ ያፈሳል። ጢም ካለ መግጠሙን እርሱት።

ጋዝ ግን አያቆምም። ኦዞን፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ዝም ብለው ያልፋሉ። በላብ ሲረጥብ ደግሞ መተንፈስ ያስቸግራል። የእኔ አስተያየት፦ ጭምብል ለእግር ጉዞ ወይም ለቀላል ሶምሶማ ይሁን። በፍጥነት ለመሮጥ ጭምብል የሚያስፈልግበት አየር ከሆነ ያ ቀን የሩጫ ቀን አይደለም።

ቤት ውስጥ ከሆነ

ትሬድሚል በራሱ አየር አያጸዳም። በዋና መንገድ ዳር ያለና መስኮቱ የተከፈተ ጂም የመንገዱን አየር ነው የሚያስተነፍሳችሁ። መስኮቱ በየትኛው በኩል እንደሚከፈት እዩ። ቤታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ምግብ እየበሰለ ወይም እሳት እየነደደ አትጀምሩ። ሄፓ ፊልተር (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ) ያለው የአየር ማጽጃ ካላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት በሩን ዘግታችሁ ለጥቂት ጊዜ አሠሩት። ምንም ከሌለ ገመድ መዝለል፣ የጉልበት ልምምድና ደረጃ መውጣት አለ። ኦዞን በበዛበት ቀን ግን መስኮቱ የተዘጋ ተራ ክፍል እንኳ ይበቃል፤ ኦዞን ቤት ውስጥ ቶሎ ይቀንሳል።

አስም፣ ልብና ሌላውም

አብራን የምትሮጥ አስም ያለባት ልጅ አለች። ከሁላችን የተሻለ ሥርዓት ያላት እሷ ናት። በአፍ የምትስበው የአስም መድኃኒቷ (ኢንሄለር) ወገቧ ላይ ካለው ቦርሳ አይለይም። አጠቃቀሙንም ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ በጽሑፍ ይዛዋለች። መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን። አየሩ ሲከፋ «ዛሬ አልሮጥም» ትላለች፤ አንዳችንም «አይዞሽ ሞክሪው» አንላትም። አስም፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃናትና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከላይ ከጻፍኩት ቁጥር ሁሉ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው ቢወስኑ ይሻላል።

ጤነኛም ብትሆኑ እየሮጣችሁ ጉሮሮ ሲያቃጥል፣ ሳል ሲጀምር ወይም ደረት ሲጠብ ቀስ በሉና ከመንገዱ ራቁ። ካልተወ ሩጫውን አቁሙ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከብዙ መኪና መካከል ስትወጡ ከመጣ ንጹሕ አየር ፈልጉ፣ የዚያን ቀን አትቀጥሉ። ደረት ላይ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠርና ሲር ሲር የሚል ድምፅ እያረፋችሁም ካልቆመ፣ ወይም ራስን የመሳት ስሜት ካለ፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

ቤት ስትገቡ ፊታችሁንና እጃችሁን ታጠቡ፣ ልብሱን ቀይሩ። አቧራ በበዛበት ቀን አፍንጫን በውሃ ማጽዳት ይረዳል። ሳንባ የሚያጥብ ኪኒን ወይም ሻይ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ገንዘባችሁን ያዙ። ሞተር ፍላሽ በሚባል ማጠቢያ ይታጠባል፤ ሳንባ አይታጠብም። የራሱ የማጽጃ ሥርዓት አለው። ለሱ የሚበጀው የሚገባውን መቀነስ ነው።